የገጽ አሥራ ሰባት ስህተት

እትዬ ከችፑዱ ማዶ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታጠና ከእንቅልፌ ነቃሁ። እትዬ የምላት ጎረቤቴን ነው። በግቢያችን ሰባት ተከራዮች አለን፤ የእኔና የእሷ ክፍል ግን በፊት አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ አከራያችን መሐሉን በችፑድ ከፍሎት ሁለት አደረገው። ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው።

«ፋይቭ ይርስ አር ኤ ሎንግ ታይም» አለች። ቆም ብላ ደገመችው። «ፋይቭ ይርስ አር። አር። አር።»

ብርድ ልብሱን ገፍፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። ስህተቱም የእኔ ነው። ስህተት መሆኑን ያወቅኩት ደግሞ ገና ከትናንት ወዲህ ነው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፈተና አለባት። ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ ስምንት ዓመት በጽዳት ሠርታለች። ክሊኒኩ ለካርድ ክፍል አንድ ሰው አወዳድሮ ሊቀጥር ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ያንኑ ግድግዳ የምትወለውለው እሷ ስለሆነች ከሁሉም ቀድማ አነበበችው። ከፈተናው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። በረኪና የጣቶቿን ጫፍ ልጦታል፤ ደረጃ ስትወጣ ቀኝ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ነው። ካርድ ክፍል ወንበር አለ። ስለዚህ ፈተናውን ፈተና ብላ ጠርታው አታውቅም። «ለወንበሩ እያጠናሁ ነው» ነበር የምትለው።

የምታጠናበት ኖት አርባ ሁለት ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አታውቅም። ማንም አያውቅም። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ዳር የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ እሠራለሁ። እንግሊዝኛውን ብቻዬን ነው የተማርኩት፤ ከአሮጌ መጻሕፍት፣ ከስልኬ፣ ከማሽን ጋር ከሚመጡ መመሪያዎች። የተማርኩትን በእጄ ካልጻፍኩት አይገባኝም። ሁለት ዓመት ጻፍኩ። አንድ ፊደል ሲበላሽብኝ ገጹን ቀድጄ ከላይ እጀምራለሁ፤ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ካየሁ ቀኑን ሙሉ ይከነክነኛል። ርዕስ በሰማያዊ፣ ምሳሌ በጥቁር፣ ማሳሰቢያ በቀይ ሳጥን ውስጥ።

ክረምት ሲመጣ ጣሪያዬ ስለሚያፈስ፣ ኖቱ ውኃ እንዳይበላው ብዬ አንድ ቅጂ ላስነሳ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ትቼው ሄድኩ። በማግስቱ ስመለስ ሁለት ተማሪዎች ባንኮኒው ላይ ዘርግተውት እያገላበጡ ነው። አንደኛዋ «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው ያዘጋጀው?» አለች። ባለ ፎቶ ኮፒው ሽማግሌ ቀና እንኳን ሳይሉ «የዩኒቨርሲቲ መምህር» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም ማለት ይቀናኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስም ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ኖቱ በሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ፣ ለፈለገ ሁሉ እየተነሳ ይሄዳል።

የገጽ አሥራ ሰባት ጉዳይ የመጣው እንዲህ ነው። ከመንገድ ዳር የገዛሁት አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ነበረኝ። መልሶቹ ያሉበት የመጨረሻው ክፍል ተቀዶ ጠፍቷል። ነገር ግን ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት መልመጃዎቹን በሙሉ በእርሳስ ሠርቷቸዋል። ጽሕፈቱ እንዴት ያለ ጽሕፈት መሰላችሁ፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ አንድም ቦታ ያልተፋቀ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። አምስት ዓመት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሳምንት ብዙ ነው ወይም ይበቃል በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ሁሉ አር ብሎ ሞልቷል። እኔም አምኜ ገለበጥኩት። አልፌ ተርፌ በቀይ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መጨረሻው ላይ ኤስ ካለ አር ነው። ዓመትም ሆነ ሰዓት። በአማርኛ አትታለሉ!»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የሰጠኝ የእርሳሱ ሰው አይደለም። እኔው ጨመርኳት። በአማርኛ እያሰባችሁ እንግሊዝኛ አትጻፉ ሲባል ስላደግን፣ ምላሴ ላይ ቀድሞ የመጣ ነገር ሁሉ ስህተት ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መስታወት እስኪመጣ ስልኬ ላይ አንድ ትምህርት ሳነብ፣ ጊዜን እንደ አንድ ነገር ስናየው ኢዝ ነው የሚለውን አየሁ። አላመንኩም። ሌላ ቦታ ፈለግኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛም ቦታ ያው። በዚያ መሐል አንድ ባልደረባዬ ከውስጥ «ስድስት ሜትሩን አምጣው!» ብሎ ጮኸብኝ። አሉሚኒየሙን ተሸክሜ ስሄድ ነገሩ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ገባኝ። ስድስት ሜትር ማለት አንድ ብረት ነው። ስድስት ሜትሮቹን አምጣቸው ያለኝ ሰው የለም።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። እትዬ ጄሪካን ይዛ ወደ ግቢው ቧንቧ ስትወጣ እኔም ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ባልዲዬ ሙሉ ነበር፤ በሩ ሥር ደፋሁት።

«እትዬ፣ ጠዋት ስታጠኚ ሰማሁሽ» አልኳት።

«ቀሰቀስኩህ? አፉ በለኝ። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።»

«አይ፣ ደግ አደረግሽ። ያቺ ፋይቭ ይርስ ያልሻት ግን፣ ኢዝ ነው የሚባለው።»

«ማን አለ?»

«አንብቤ ነው።»

«ኖቱ አር ነው የሚለው።»

«ኖቱ ተሳስቷል።»

ጄሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ ቧንቧውን አልዘጋችም። «አንተ ደግሞ! የዩኒቨርሲቲ መምህር የጻፈውን ነው? የኔ ወንድም፣ አንተ መስኮትህን ሥራ።»

«እስቲ በአማርኛ አስቢው። ክሊኒኩ ውስጥ ስንት ዓመት ሠራሽ?»

«ስምንት። ምነው?»

«ስምንት ዓመት ብዙ ነው ትያለሽ ወይስ ብዙ ናቸው?»

«ናቸው? ዓመት ሰው ነው እንዴ ናቸው የሚባለው?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ቆይ፣ ቆይ። በቀይ ተጽፏል እኮ! በአማርኛ አትታለሉ ይላል። እንዳንተ ያለው እንደሚመጣብኝ መምህሩ አውቆ ነው!»

ጄሪካኗን አንስታ ገባች። እኔ ባዶ ባልዲዬን ይዤ ቆምኩ። ከራሴ ጋር ተከራክሬ መሸነፌ ነው።

ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የቤተ ክርስቲያናቸውን የመዝሙር ወረቀት ይደረድራሉ።

«ጋሼ፣ ያ የእንግሊዝኛ ኖት ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ስህተት አለበት።»

«ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው እሱ።»

«አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አዎ፣ እኔም አራት ኪሎን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉና መደርደራቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ያመጣሁት እኮ እኔው ነኝ። ረሱት?»

«ማምጣቱን አመጣህ። ተላላኪ መስለኸኝ ነው።»

ክርክር አልችልም። ከባንኮኒው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ሳብኩና የገጽ አንድን የመጀመሪያ አራት መስመር በቃሌ ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ክላሰሩን ከፈቱ። ወረቀቱን ከገጹ አጠገብ አስተኝተው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አዩ። የትንሿ ጂ ጅራት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«አንተ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?»

«እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ሲሉ ሰማሁና...»

«እኔማ ለገበያ ብዬ ነው!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። አልሳቅኩም።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆሜ ገጽ አሥራ ሰባትን እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሮጌውን ቀደው ጣሉልኝ። ለእትዬ እንደምነግራት ስነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ያውቋታል፤ ኖቱን የገዛችው ከእሳቸው ነው።

«አትንገራት» አሉኝ።

«ትሳሳታለቻ!»

«አንድ ጥያቄ ትሳሳት። ምን ትሆናለች? አሁን ሄደህ መስኮት ሠሪው ነኝ የጻፍኩት ስትላት፣ አንዷን ገጽ ብቻ የምትጥል ይመስልሃል? አርባ ሁለቱንም ነው የምትጥለው። ቅዳሜ ባዶ እጇን ልትገባ ነው?»

ሰውዬው ያሉት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሐሙስ ጠዋት እትዬ አሁንም አር፣ አር እያለች ታጠናለች። ወርክሾፕ ገባሁ። ሜትሬን ዘርግቼ መቶ አሥራ ሰባት ለካሁ፣ መቶ አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣ ሄጄ መቶ ሰባት ቆረጥኩ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ብረት አበላሽቼ አላውቅም። ባለ ወርክሾፑ ቁራጩን አንስተው አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ምን ነካህ ዛሬ? ፍቅር ያዘህ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። ሁለተኛውን ከመቁረጤ በፊት አምስት ጊዜ ለካሁ። ምሳ አልበላሁም። አንዴ አንድ ጥያቄ ምንም አይደለም እላለሁ፤ አንዴ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ብትወድቅስ እላለሁ፤ አፍታ ቆይቼ ሰውዬው ያሉት ልክ ነው እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ሰውዬው የሚያስቡት ለክላሰራቸው ነው እላለሁ። ለራሴም እንደማስብ አውቃለሁ። ሰዎች መምህር ሲሉኝ፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁም ቢሆን፣ እወደው ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ እትዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራለች። ኖቱ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። ቤት ገብቼ ያስቀመጥኳቸውን የተበላሹ ገጾች አመጣሁ፤ በአንድ ፊደል ምክንያት የቀደድኳቸውን። ሰጠኋትና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። የእርሳሱን ሰው፣ ቀይ ሳጥኑን፣ ዩኒቨርሲቲውን።

ገጾቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምከው?»

«አሥረኛ።»

«እኔም አሥረኛ ነኝ» አለች። «እና ወር ሙሉ ሳጠና የከረምኩት እኔኑ ነው?»

«እትዬ፣ ያቺ አንዷ ገጽ ናት እንጂ...»

«አንተ እሷን ብቻ ነዋ ያገኘሃት! ያላገኘኸውን በምን አውቃለሁ?»

እግሯን ከሳፋው አወጣች፣ ሳታደርቅ ገባች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከችፑዱ ማዶ የጥናት ድምፅ አልነበረም። አንድም ቃል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሁሉ ሰማሁ፤ የጫማዋ ድምፅ፣ የቁልፏ ድምፅ፣ ከዚያ ባዶ።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ወርክሾፑ በር ላይ ሰማያዊ ጋውን የለበሰች ሴት ቆመች። እትዬ ናት፤ ከቤቴል በታክሲ መጥታለች፤ የጽዳት ጋውኗን እንኳን አላወለቀችም። ኖቱን እንደ ዱላ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ፈቃድ ጠይቄ ነው የመጣሁት» አለችኝ ከበሩ ላይ ሆና። «አንተም ጠይቅ።»

«ይኸው! ፍቅር ነው ብያለሁ» አሉ ባለ ወርክሾፑ።

«ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አፍዎን ይሰብስቡ» አለቻቸው። እሳቸውም ሰበሰቡ።

መስታወት በምንደረድርበት ጓዳ ሁለት ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጠን ተቀመጥን። ከገጽ አንድ ጀመረች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ መስመሩን ትነካና «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ትላለች። እነግራታለሁ። ከዚህኛው መጽሐፍ፣ በሁለት ቦታ አመሳክሬዋለሁ። «ይሄንንስ?» ከስልክ። «ስልኩ ከየት አመጣው?» እከፍትና አሳያታለሁ። ካመነች ዳር ላይ «እሺ» ብላ ትጽፋለች። ክሊኒክ ውስጥ ዶክተሮቹ ካርድ ላይ ከሚፈርሙት ሳትማረው አልቀረችም፤ እያንዳንዱን እሺ በክብ ታጥረዋለች። ገጽ አሥራ ሰባት ስንደርስ የአዲሱን ቅጂ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አሮጌውን አጣጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ይሄን አልጥለውም» አለች። «ቶሎ እንዳላምን ያስታውሰኛል።»

ሠላሳ ዘጠኝ ገጽ እሺ አገኘ። ሦስቱ ላይ ከየት እንዳመጣሁት መናገር አቃተኝ፤ ትዝ አይለኝም። እዚያ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ስንጨርስ ልጆቹ ማሽን አጥፍተው ወጥተዋል፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ጸጉሯ ላይ ያብረቀርቃል። እጅግ ደክሟታል።

ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አላጠናችም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትጸልይ መሰለኝ። ክሊኒኩ በር ላይ ሦስት ወይም አራት ወጣቶች ፋይል ይዘው ቆመዋል፤ ሁሉም ከእሷ በዕድሜ ያንሳሉ። ጥበቃው «እትዬ፣ ዛሬ እረፍትሽ አይደል?» አላት። «ዛሬ ተፈታኝ ነኝ» ብላው ገባች።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። የክሊኒኩን መስኮቶች ቆጠርኩ፤ ከአሥራ ስድስቱ ሁለቱ ጎማቸው ወጥቷል፣ አንዱ ተንጋድዶ ነው የተገጠመው። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ተመለስኩ። ባለ ሱቁ «የታመመ ሰው አለህ?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ አይደለም ብዬ ማስረዳት ስለከበደኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ካለቁ ወዲያ ብቻዋን ወጣች። «አሁን ምንም አትጠይቀኝ» አለች።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ያለፈችው አንዲት ወጣት ናት። ከእሷ ሥር የእትዬ ስም አለ፣ ከጎኑ «አንደኛ ተጠባባቂ» ይላል። ተቀጣሪዋ በስድስት ወር ውስጥ ከለቀቀች ወንበሩ የእትዬ ይሆናል ማለት ነው። በሦስት ነጥብ ነው የተበለጠችው።

ይህን ስትነግረኝ ጠዋት ወደ ፌርማታ እየሄድን ነበር። ያቺን ጥያቄ ከመጠየቅ ራሴን ማገድ አልቻልኩም።

«የዓመቷ መጥታ ነበር?»

«መጣች። ሠራኋት።» ጥቂት ተራመደች። «አራት ግን ባዶ ተውኩ።»

«ለምን?»

«ሰዓት አለቀብኝ። አንዱን ባነበብኩ ቁጥር ይሄን ማን አለ፣ ከየት አመጣው እላለሁ። ዓርብ አንተን እንዳፋጠጥኩህ ራሴን ሳፋጥጥ ወረቀት አስረክቡ አሉን።»

«ባልነግርሽ ኖሮ...»

«ባትነግረኝ አራቱንም እሞላቸው ነበር። ቀጥ አድርጌ፣ ሳልጠራጠር። ልክ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል?»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ሌላ ጊዜ ስህተትህን ቀደም ብለህ አግኝልኝ። በዋዜማ አይደለም።»

ፌርማታው ላይ ሰልፍ አለ። ቆመን እንጠብቃለን። የተቀጠረችው ልጅ ከአስኮ እንደምትመጣ፣ ሁለት ታክሲ እንደምትይዝ፣ ብዙ ጊዜም እንደምትዘገይ ነገረችኝ። ካርድ ክፍልን የምታጸዳው አሁንም እሷ ናት። ወንበሩን ገፋ አድርጋ ከሥሩ ትወለውላለች፣ መልሳ ታስገባዋለች።

«ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው መምጣቷን ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጌታ ይቅር ይበለኝ። ትናንት ሦስት ሰዓት አለፋት፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እየሮጠች ስትገባ ላብ በላብ ሆናለች፤ ደንግጬ ውኃ ሰጠኋት።»

«ጠጣችው?»

«ጠጣችዋ። እትዬ ተባረኪ አለችኝ።»

ታክሲው መጣ። ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወጣችና በቀረው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በመስኮቱ አየችኝ። ልጅቷ ዛሬ በሰዓቱ እንድትደርስ ልመኝ ወይስ እንድትቀር አላወቅኩም። ረዳቱ በሩን ዘጋ።